ጨው ትንሽ አነሰው

መንገዱ መኪና አይገባበትም። ይግባ ቢባልም አይችልም፤ ሁለት ሰው ተቃቅፎ ሲሄድ ሦስተኛው ግድግዳ መታከክ አለበት። ስለዚህ ለመብላት የሚመጣ ሁሉ በእግሩ ነው የሚመጣው። አመሻሽ ላይ ከላይኛው ጫፍ ይጀምርና እጁን ኪሱ ከትቶ ቁልቁል ይንሸራሸራል። በር ላይ የቆመውን የምግብ ሰሌዳ ያነባል፣ አንገቱን አስግጎ የሰው ሳህን ያያል፣ "እዚህ ይሻላል እዚያ?" እያለ ከሚስቱ ጋር ይነታረካል፣ ታች ይደርስና ተመልሶ ሽቅብ ይወጣል። በመጨረሻም መጀመሪያ ያየው ቤት ገብቶ ይቀመጣል። በልቶ፣ አፉን ጠርጎ፣ "እጃችሁ ይባረክ" ብሎ ይሄዳል። የማን እጅ እንደሆነ ግን አይጠይቅም። እጁ ከግድግዳው ጀርባ ነው ያለው፣ ማን ያየዋል!

እዚያ ካሉት ምግብ ቤቶች አንዱም የሌላው ቅርንጫፍ አይደለም። እያንዳንዱ የአንድ ሰው ወይ የአንድ ቤተሰብ ነው። አንዱ ሎሚ ሲያልቅበት ከፊት ለፊቱ ይበደራል፤ ወንበር የጎደለው ከጎረቤት ተሸክሞ ያመጣል። የዕረፍት ቀናቸውም የተለያየ ነው፤ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይከፍታል። ከዚህ የተነሳ በመካከላቸው አንድ ደንብ ወጣ። የተዘጋው ቤት ምግብ አብሳይ በዕረፍት ቀኑ፣ የምሳ ሰዓት ግርግር ካለፈ በኋላ፣ ከጎረቤቶቹ አንዱ ዘንድ ሄዶ ይበላል። ሒሳብ የለም። በሒሳቡ ፈንታ ግን አንድ ጉድለት ተናግሮ መሄድ አለበት። ማመስገን ነውር ነው፤ ምስጋናማ ከደንበኛ ሞልቷል። "ሩዙ ተጣብቋል"፣ "ዶሮው ቸኩሎ ወጥቷል"፣ እንዲህ ያለ አንድ ነገር። ባለቤቱም መከራከር አይችልም። "እሺ" ብሎ ሳህኑን ያነሳል፣ በማግስቱ ያርማል። በቃ።

በዚህ ደንብ ስሟ የገነነው ሚዛን ነበረች። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ ሚዛን ያላት መንገዱ ነው። ከግድግዳዎቹ ጀርባ ካሉት እጆች አንዱ የሷ ነበር፤ ምላሷን ግን በሩ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ጊዜ ሾርባ ቤት ቁጭ ብላ አንድ ማንኪያ ቀመሰችና የቤቱን ባለቤት ቀና ብላ አየቻት።

"ሽንኩርቱን ስታቁላዪ ስልክ ተደውሎልሻል አይደል?"

"ማን ነገረሽ?" አለች የሾርባ ቤቷ ሴት።

"አንድ ጎኑ አሯል። ደዋዩም ረጅም ወሬ ነበረው።"

"ሟርተኛ! ምላስ ነው ወይስ ፖሊስ አፍሽ ውስጥ የያዝሽው?"

የደወለችው ልጇ ነበረች፤ ወሬውም እውነትም ረጅም ነበር።

የሚዛን ምግብ ቤት ትንሽ ነው። ታላቅ እህቷ ከፊት ታስተናግዳለች፣ እሷ ከኋላ ታበስላለች፣ የእህቷ ባል ይገዛል፣ ይጠግናል፣ ሒሳብ ይዘጋል። ማዕድ ቤቱንና አዳራሹን የሚያገናኘው ምግብ የሚተላለፍበት መስኮት ነው። እህትማማቾቹ ዕድሜያቸውን ሁሉ ያወሩት በዚያ መስኮት ነው ማለት ይቻላል። ታላቅየዋ አንገቷን ታስገባና "ሚዛኔ፣ ባለ መነጽሩ መጥቷል፣ ድንቹን አድርቂለት" ትላለች፤ ወዲያው እጇን ሰድዳ ከድስቱ ትሰርቃለች። "እጅሽን እቆርጠዋለሁ!" ትላለች ታናሽ። "ቁረጪውና ማን ሳህን ያነሳልሻል?" ትላለች ታላቅ፣ አፏ ሞልቶ። በየቀኑ ያው ቀልድ። አልሰለቻቸውም።

ከዚያ በዝናቡ ወራት ታላቅየዋ ታመመች፤ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ሰው መጣ፣ አለቀሰ፣ ሻይ ጠጣ፣ ሄደ። ሚዛን አላለቀሰችም። ለቅሶው በቅጡ ሳያበቃ ማዕድ ቤቱን ከፈተች። ሽንኩርት ከተፈች፣ ሾርባ ጣደች፣ ማንኪያዋን ነክራ ቀመሰች። ትኩስ ነገር አፏ ውስጥ ገባና ወረደ። ሌላ ምንም የለም።

ጉንፋን ነው አለች። ሎሚ መጠጠች፤ እርጥብ ወረቀት የመጠጠች ያህል ሆነባት። ቃሪያ ነከሰች፤ ማቃጠሉን አወቀች፣ ቃሪያነቱን ግን አላወቀችም። ሐኪም ቤትም ሄደች። ሐኪሙ ምላሷን በባትሪ አብርቶ አየና "ምንም የለም" አላት።

"አዎ፣ ምንም የለም" አለችው እሷም፣ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

መንገዱ ግን ያደንቃታል። "ጠንካራ ናት!" "እንባ እንኳ አልወጣትም፣ አቤት ጥንካሬ!" ጠንካራ! ይህችን ቃል ሰው ለምን እንደሚወዳት ግልጽ ነው፤ ሥራ ታቀልለታለች። አንዱን ጠንካራ ነው ካልን በኋላ ቤቱ ሄዶ መቀመጥ፣ ምን በላህ ማለት፣ እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም። "በርቺ" ብለን ትከሻዋን መታ መታ አድርገን ወደ ሳህናችን እንመለሳለን። ስንቱ ነው በዚህች ቃል ከነሕይወቱ የተቀበረው!

ለማንም አልተናገረችም። ምክንያትም ነበራት። ከመንገዱ ታችኛው ጫፍ ያለው ዳቦ ጋጋሪ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ምን እንደሆነ አይታለች። "ይረፉ እንጂ አባባ፣ ደከሙ እኮ" ተባለና በር ላይ ወንበር ተሰጠው፤ ደንበኛ እየተቀበለ ትንሽ ሰነበተ፤ ከዚያ ወንበሩም ሰውየውም አልታዩም። ሁሉም ይወደው ነበር። ሚዛንም ምላሷ መሞቱ ከታወቀ ምድጃውን በፍቅር እንደሚነጥቋት አውቃለች። ከምድጃው ወዲያ ያላት፣ ከምግብ ቤቱ በላይ ያለች አንዲት ክፍልና በር ጀርባ የተሰቀለው የእህቷ ጃኬት ነው። እዚያ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብላ ምን ታደርጋለች?

በራሷ ማዕድ ቤት ችግር አልገጠማትም። ለዚህ ድስት ስንት ቁንጥር ጨው፣ ለዚያኛው ስንት ጭልፋ ዘይት፣ እጇ ያውቃል። ምላሷ የረሳውን ጣቶቿ አልረሱትም፤ ምግቧም ዝንፍ አላለም። መከራው በዕረፍት ቀኗ፣ ማክሰኞ ነበር።

የመጀመሪያው ማክሰኞ ሾርባ ቤት ተቀመጠች። የምስር ሾርባ መጣላት። ጠጣችው፤ ሞቀ፣ ወረደ። የሾርባ ቤቷ ሴት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

"እሺ እመቤት ፖሊስ፣ ጉድለት?"

ሚዛን ሾርባውን አየችው። ቀለሙ ደህና ነው። ቅጥነቱ ደህና ነው። ዓይኗ ያገኘው ነገር የለም።

"ጨው ትንሽ አነሰው" አለች።

ሴትየዋ ግንባሯን ቋጠር አደረገች፤ ለሷ ልክ ነበር። ግን ሚዛን ናት ያለችው። "እሺ" አለች፣ ሳህኑን አነሳች፣ በማግስቱ ጨመረች።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ዶሮ ጠባሹ ዘንድ ሄደች፤ ከዚያ ዓሣ ቤት፤ ከዚያ እንደገና ሾርባ ቤት። ዓይኗ ጉድለት ካገኘ የተቀደደውን ቆዳ፣ የፈረሰውን ድንች ትናገራለች። ካላገኘ ጨው ነው። እነሱም ይጨምራሉ። ዞራ ስትመጣ አሁንም አነሰው ትላለች፤ አሁንም ይጨምራሉ። የገዛ ምላሳቸው "በዛ!" ብሎ እየጮኸባቸው፣ ስም ያለው ሰው ስለተናገረ ብቻ ጨመሩ። ስንቶቻችን ነን የራሳችንን አፍ ክደን የሰው ስም የምንውጥ? እዚህ ላይ በምግብ አብሳዮች ብቻ ባንስቅ ጥሩ ነው።

ጡረተኛው ፖስተኛ ነበር መጀመሪያ የነቃው። በዚያ መንገድ ደብዳቤ ሲያድል አርጅቷል፤ አሁን ደግሞ በየማታው በተራ በተራ እየዞረ ይበላበታል። አንድ ቀን ሚዛን ቤት ተቀምጦ የእህቷን ባል በእጁ ጠራው።

"ስማኝ ልጄ፣ ይህን መንገድ ምን ነካው? ትናንት ዓሣ በላሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ስጠጣ አደርኩ። ዓሣው ከባሕር ወጥቷል ወይስ ገና እዚያው ነው?"

"የኛስ እንዴት ነው አባባ?"

"የናንተማ እንደ ድሮው ነው። ከእንግዲህ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።"

ሌላውም እንደሱ አደረገ። ሚዛን ቤት ወረፋ ተጀመረ። የእህቷ ባል ከዓሣ ቤት ወንበር ተበደረ፤ እዚያ ትርፍ ወንበር ነበራ። መንገዱም "አያችሁ ሚዛንን! የሚያህላት ጠፋ" አለ። ሚዛን በመስኮቱ በኩል የሞላውን አዳራሽ አየች። ደስ ይላት እንደሆነ ጠበቀች። ምንም አልመጣም፤ ወደ ድስቷ ዞረች።

የዓሣ ቤቱ ባለቤት ወጣት ነው። ቤቱን የከፈተው ከሚስቱ ጋር ነው፤ እሱ ያበስላል፣ እሷ ታስተናግዳለች። ሚዛንን እንደ አስተማሪው ነው የሚያያት። አንድ ጠዋት በጓሮ በር መጣ፤ ሚዛን ድንች ትልጥ ነበር።

"እትዬ፣ እጄ የጠፋ መሰለኝ" አላት።

"እጅህ ይኸው አለ።"

"አትቀልጂብኝ። ያልሽኝን ሁሉ አደርጋለሁ። አነሰው ስትዪ እጨምራለሁ። ሰው ግን አንድ ማንኪያ ይበላና ውሃውን ገልብጦ ይሄዳል። ትናንት ማታ አንድ ጠረጴዛ ብቻ ነው የተያዘው። ሚስቴ የታጠፈ ናፕኪን እየፈታች መልሳ ስታጥፍ አመሸች።"

"ሚስትህ ምን ትላለች?"

"ጨው በዝቷል ትላለች። 'አንቺ ከሚዛን ትበልጫለሽ?' ብዬ ጮህኩባት። እስካሁን አኩርፋኛለች።"

ሚዛን ድንቹን ገልበጥ አደረገችው። ሰውየው ቤቱን ሊዘጋ ነው፤ የዘጋችው እሷ ናት። ይህን በደንብ ተረዳችው፤ ሰው ሰዓት አይቶ ሰዓቱን እንደሚያውቅ። እፍረት ሊመጣባት ይገባ ነበር፤ ቢላዋውን እንደያዘች ጠበቀችው። አልመጣም።

እዚህ ላይ መናገር ነበረባት። ሐዘን አለባት ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ የሰው እንጀራ ነው። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አልተናገረችም።

"ማክሰኞ እመጣለሁ" አለችው።

"እንግዲያው ማክሰኞ ጨው ሳልጨምር ነው የምሠራው" አለ፣ ፊቱ በራ። "አንቺው ራስሽ ጨምሪበት። እጅሽን እያየሁ ልማር።"

"እሺ" አለች።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ዓሣ ቤት ገባች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ጠረጴዛዎቹ ባዶ ናቸው። የባለቤቱ ሚስት እጇን አጣጥፋ ግድግዳ ተደግፋለች። የሾርባ ቤቷ ሴትም ዳቦ ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ መጥታለች፤ ማንም አልጠራትም፣ ግን ወሬ ያለበት ቦታ ተጠርታ አታውቅም። መሃል ጠረጴዛ ላይ ቲማቲም የበዛበት የዓሣ መረቅ በድስት ተቀምጧል፤ ከጎኑ ጨው በጎድጓዳ ሳህን።

ሚዛን በሦስት ጣቶቿ ቆነጠረች። ጣቶቿ ግን የሚያውቁት የገዛ ድስቷን ነው። ይህ ድስት ሌላ ነው፣ መረቁም ሌላ። ጨመረች፣ አማሰለች፣ ቀመሰች። ሞቀ፣ ወረደ። ቀና ብላ የሰውየውን ፊት አየች። የምታቆምበትን ቦታ ፊቱ ላይ ትፈልግ ነበር። እሱ ደግሞ የሷን ፊት ያይ ነበር፣ ያንኑ ፍለጋ።

ሌላ ቆነጠረች። አየችው። ደግማ ቆነጠረች። የሾርባ ቤቷ ሴት ዳቦዋን ማኘክ አቆመች። ሚዛን አሁንም ቆነጠረች፤ "በቃ" የሚላት የለም፤ እጇም ወደ ጨውና ወደ ድስቱ ተመላለሰ።

"አሁን ደህና ነው" አለች በመጨረሻ።

ወጣቱ ማንኪያ አንስቶ ቀመሰ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ዋጠው። ደንቡ ነውና "እሺ" አለ።

"የምን እሺ ነው?" አለች ሚስቱ።

"እስቲ አምጡት" ብላ የሾርባ ቤቷ ሴት ማንኪያውን ነጠቀች። ቀመሰችና ናፕኪን ላይ ተፋችው። "አንቺ ሴት! ሰው ልትገድዪ ነው እንዴ? ይህ እኮ..."

አልጨረሰችውም። ሚዛን በዚያው መካከል ሁለተኛ ማንኪያ ጠጥታ፣ አንድም ጡንቻ ፊቷ ላይ ሳይንቀሳቀስ፣ እንደ ውሃ ዋጠችው። ሴትየዋ አፏን ከፍታ ቀረች። በዚያ መንገድ ዝም ስትል የታየችው ያን ቀን ብቻ ነው።

"ከመቼ ወዲህ ነው?" አለች ቀስ ብላ።

"እሷ ከሞተች ወዲህ።"

"እና በየማክሰኞው..." አለ ወጣቱ።

"ዓይኔ ምንም ካላገኘ ጨው እላለሁ።"

"ለምን ጨው?"

"ጨው ሲባል ማንም አይከራከርም።"

"እግዜርን፣ ነግሬህ ነበር!" አለች ሚስቱ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ድምፅ ወጣት። "ይህን ሁሉ ቀን ያኮረፍኩት እውነቴን ነበር!"

"ለቅሶሽ ላይ ሻይ ይዤ መጥቼ ነበር" አለች የሾርባ ቤቷ ሴት፣ ለራሷ እንደምትናገር። "'በርቺ' ብዬሽ ሄድኩ። ሌላ አልጠየቅኩሽም።"

ሚዛን ማንኪያውን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስተካክላ አስቀመጠች። "ጉድለቱ የኔ ምላስ ነው" አለች። "ተናገርኩ እንግዲህ።"

ጉድለት ሲነገር "እሺ" መባል አለበት። ወጣቱ አላለም። ድስቱን በሁለት እጁ አንስቶ ወደ ውስጥ ገባ፤ መረቁ ማጠቢያው ውስጥ ሲደፋ ተሰማ። ተመልሶም አልወጣም። ማን ይፈርድበታል?

ሚዛን ቤቷ ስትመለስ የእህቷ ባል ብርጭቆ ይወለውላል። ማዕድ ቤት ገባችና በመስኮቱ አናገረችው።

"የምግብ ጣዕም አይሰማኝም።"

"የቱ?"

"ሁሉም። እሷ ከሄደች ወዲህ።"

ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስቶ አየው፤ ንጹሕ ነበር፣ ግን መልሶ ወለወለው።

"እኔን ደግሞ እንቅልፍ አይወስደኝም" አለ።

በአንድ ጣራ ሥር፣ በአንድ መስኮት ግራና ቀኝ፣ በቀን ስንት ሳህን እየተቀባበሉ፣ አንዱ የሌላውን አላወቀም። "ድንች"፣ "መጣ"፣ "አለቀ" ሲባባሉ ከርመዋል። ቤተሰብ ማለት ይህ ከሆነ፣ ጎረቤትን ምን ብለን እንወቅሳለን?

"እጅሽ ያውቃል እኮ" አላት። "ምግቡ ያው ነው።"

"ያው የሚሆነው ጨዉ ያው ሲሆን ነው።"

ነገሩም ደረሰ። በዚያው ሰሞን ከሱቅ የመጣው ጨው ደቃቅ ሆነ፤ የለመደችው ሻካራው ጠፋ። ደቃቅ ጨው በሦስት ጣት ሲቆነጠር ብዙ ነው፤ የእጇ ልክ ሁሉ ፈረሰ። ሚዛን ጆንያውን ከፍታ ጣቶቿን አስገባችና ቆመች። አሁን ምድጃውን የሚነጥቃት ሰው አያስፈልግም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የጓሮው በር ሳይንኳኳ ተከፈተ። የሾርባ ቤቷ ሴት ናት፤ የራሷን ማንኪያ ይዛለች።

"ክፈቺው ድስቱን። አትዪኝ እንደሱ፣ እኔም የራሴ ድስት ምድጃ ላይ ነው ያለው።" ቀመሰች። "በዝቷል። ውሃ ጨምሪ፣ ድንች ጣዪበት። አንዲት ጆንያ ጨው የምታሸንፍሽ ነሽ?"

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ትመጣለች፤ ትሳደባለች፣ ትቀምሳለች፣ ትሄዳለች። አንዳንዴ "ምን በላሽ?" ብላ ትጠይቃለች፤ ሚዛን ትነግራታለች። በር ላይ ወንበር ያስቀመጠላት የለም። መንገዱ በሙሉ ጨው ቀነሰ፤ የሚያልፍ የሚያገድመው ደንበኛ ምንም አላወቀም፤ እንደ ወትሮው አንገቱን እያሰገገ የሰው ሳህን አየ። ዓሣ ቤትም ቀስ በቀስ ሰው ገባበት፤ የተበደሩት ወንበር ተመለሰ። ወጣቱ ግን ሚዛንን ሲያይ መንገድ ያቋርጣል። ያቺን ጠባብ መንገድ ማቋረጥ ደግሞ ከንቱ ነው፤ ክርናቸው ይነካካል።

አንድ ጠዋት የሾርባ ቤቷ ሴት ልጇ ዘንድ ሄዳ ቀረች። ድስቱ ፈልቷል፤ የምሳ ሰው ሊመጣ ነው። ሚዛን ጨዉን ቆንጥራ ጨምራለች፤ ይብዛ ይነስ አታውቅም። በሩ ተንኳኳ። ወጣቱ ነበር። ሰላም አላላትም። ከደረት ኪሱ ማንኪያ አወጣ፣ ነከረ፣ ነፋ፣ ቀመሰ።

"ጨው ትንሽ አነሰው" አለ።

የገዛ ቃሏ ነው። ሚዛን አየችው። እውነቱን ይሁን ብድሩን እየመለሰ ይሁን የምታውቅበት መንገድ የላትም። ቢዋሻት ይገባታል፤ ይህንንም እንደ ሰዓት አወቀችው። እጇን ጨው ዕቃው ውስጥ ከተተች። ቆነጠረች፣ ጨመረች፣ አማሰለች። ፊቱን አየች። ሌላ ቆነጠረች፤ ጨመረች። ሦስተኛውን ልትበትን ስትል እጇን ያዛት።

"ይበቃል" አለ።

"እሺ" አለች።

ማንኪያውን በመዳፉ ጠርጎ ኪሱ ከተተና ወጣ።

በምሳ ሰዓት ጡረተኛው ፖስተኛ ከዚያው ድስት ተቀዳለት። ሚዛን በመስኮቱ ቆማ አየችው። ሳህኑን በዳቦ ጠረገ፣ መነጽሩን አውልቆ በእጀታው አጸዳ፣ መልሶ አደረገው። ውሃ አልጠየቀም። ሚዛን ሌላ ሳህን ስለተጠራ ዞረች።